የኤሊየን መርከብ ሪዲዛይን ምንድን ነው?

ሪዲዛይን ማለት ተመልካች አስቀድሞ የሚያውቃትን የጠፈር መርከብ ስሟንና ባለቤቷን ሳይነኩ መልኳን እንደገና መሥራት ነው። ኤሊየን የምንለው የሌላ ፕላኔት ፍጡርን ነው። አዲስ መርከብ መፍጠር ሌላ ነገር ነው። አዲስ መርከብ ስትመጣ ወይ ትወደዳለች፣ ወይ ትረሳለች። ሪዲዛይን ግን ጠብ ያስነሳል። ተመልካቹ «እኔ የማውቃት መርከብ እኮ ይቺ አይደለችም» ይላል።

ለዚህ ስታር ትሬክ የተባለውን የጠፈር ታሪክ የመሰለ ማሳያ የለም። በቴሌቪዥን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ በጣም ከተቀያየሩት ነገሮች አንዱ የክሊንጎኖች መርከብ ነው። ክሊንጎኖችን ለማያውቅ፦ ክብርንና ውጊያን ከምንም በላይ የሚያዩ፣ አንዴ ጠላት አንዴ ወዳጅ የሚሆኑ የሌላ ፕላኔት ሕዝብ ናቸው።

የኤሊየን መርከብን መቀየር የታሪኩን ዋና መርከብ ኢንተርፕራይዝን ከመቀየር ይከብዳል። ኢንተርፕራይዝ የቱንም ያህል ብትቀየር ስሟ አካሏ ላይ በትልቁ ተጽፏል። የምናውቃቸው ሰዎችም ውስጧ ናቸው። ካሜራው ዙሪያዋን እየዞረ ሊያሳየን ጊዜ አለው። የጠላት መርከብ ይህን ዕድል አታገኝም። ድንገት ብቅ ትላለች፣ ለጥቂት ሰከንድ ትታያለች፣ ከዚያ ተኩስ ይከፈታል። በዚያች ቅጽበት የማን እንደሆነችና ምን ያህል እንደምታስፈራ መናገር አለባት። የምትናገረው ደግሞ በቅርጿ ነው። ቀለሙ፣ የብረቱ መስመር፣ የመስኮቱ መብራት ከዚያ በኋላ ነው የሚታየው።

ስለዚህ አንድ ሪዲዛይን ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው፦ መርከቧን ጥቁር ቀብተን ጥላዋን ብቻ ብናይ እናውቃታለን? መልሱ አዎ ከሆነ ንድፍ አውጪው ሌላውን እንደልቡ ቢያደርግ ችግር የለውም።

የመጀመሪያዋ የክሊንጎን መርከብ ዲ-7 ትባላለች። የሠራት ማት ጄፍሪስ ነው። ኢንተርፕራይዝንም የነደፈው እሱ ነው። አውሮፕላን አብራሪም ስለነበር ነገሮች ሲበሩ ምን እንደሚመስሉ ያውቃል። ኢንተርፕራይዝ ክብ ሳህን ከፊቷ፣ ሁለት ሞተር ከኋላዋ ከፍ ብለው የቆሙላት ናት። ዲ-7 ደግሞ ያበጠ ጭንቅላት፣ ረጅም ቀጭን አንገት፣ እንደ ክንፍ የተዘረጋ ሰፊ ትከሻ፣ በትከሻው ጫፍና ጫፍ ሞተሮች አሏት። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ብታስቀምጧቸው ማንም አያምታታቸውም።

የሚገርመው ክሊንጎኖች ከመርከባቸው ቀድመው መምጣታቸው ነው። በ1967 ሰዎቹን አየናቸው፤ ሞዴል ስላልነበረ መርከባቸው ከሩቅ ብልጭታ ሆና ቀረች። ዲ-7 የደረሰችው በ1968፣ በሦስተኛው ሲዝን ነው። ለዚያም የመገጣጠሚያ አሻንጉሊት የሚሸጠው ኤኤምቲ የተባለው ኩባንያ እጁ ነበረበት። ከዚያም ገና መጀመሪያ በታየችበት ክፍል ውስጧ የነበሩት ክሊንጎኖች አልነበሩም፤ ሮሙላኖች የተባሉ ሌሎች ኤሊየኖች ነበሩ! ታሪኩ ሮሙላኖች የክሊንጎን ንድፍ መጠቀም ጀምረዋል ብሎ አለፈው። አዲስ የተሠራች ሞዴል ቶሎ ቶሎ ለሥራ መዋል ነበረባት መሰለኝ። ከ2006 ጀምሮ የድሮዎቹ ክፍሎች በኮምፒውተር ሲታደሱ በ1967ቱ ክፍል ውስጥ ዲ-7 ገባች። ይህም አንድ ዓይነት ሪዲዛይን ነው፤ ወደኋላ ተሂዶ የተሠራ።

መርከቦች ለምን ይቀየራሉ? አንዱ ምክንያት ስክሪኑ ነው። በ1960ዎቹ የቤት ቴሌቪዥን ትንሽና ብዥ ያለ ስለነበር ልሙጥ ሞዴል ይበቃ ነበር። በ1979 ታሪኩ ወደ ሲኒማ ሲሄድ ያው ልሙጥ አካል በትልቁ ሸራ ላይ ፕላስቲክነቱ ሊታወቅበት ነው። ስለዚህ ቅርጿን ሳይነኩ ቆዳዋን ሞሉት፦ ብረት በብረት ላይ፣ ቧንቧ፣ ቀዳዳ፣ ጥቃቅን መብራት። ይህቺኛዋ ኬቲንጋ ትባላለች። ፊልሙ የሚከፈተው በሦስት እንዲህ ዓይነት መርከቦች ነው። ጭንቅላቱም፣ አንገቱም፣ ትከሻውም በቦታቸው ናቸው። እስካሁን ካየሁት ሁሉ ምርጡ ሪዲዛይን ይህ ነው።

በ1984ቱ ፊልም ደግሞ በርድ ኦፍ ፕሬይ መጣች፤ አረንጓዴ፣ ትንሽ፣ ስታርፍ ክንፏን ከፍ፣ ስትዋጋ ዝቅ የምታደርግ። ስሙ ከ1966 ጀምሮ የሮሙላኖች መርከብ ስም ነበር። በፊልሙ የመጀመሪያ ጽሑፍ ጠላቶቹ ሮሙላኖች ነበሩና ወደ ክሊንጎን ሲቀየሩ ስሙ አብሮ ተሻገረ። ከዚያ በኋላ ሞዴሏ በቴሌቪዥን ተከታታዮቹ ደጋግማ ስትሠራ መጠኗ ተምታታ። አንዴ ጥቂት ሰው የሚነዳት ጀልባ ታክላለች፣ ሌላ ጊዜ ግዙፍ ሆና ትመጣለች። ይህን የሚቆጥሩ አድናቂዎች አሉ፤ ትዕግስታቸው ያስቀናል።

ታሪኩ ራሱ ለውጥ የሚጠይቅበትም ጊዜ አለ። ክሊንጎኖች ከምድር ሰዎች ጋር ከታረቁ በኋላ ምን ዓይነት መርከብ ይሠራሉ? በ1990 ሪክ ስተርንባክ ቮርቻን ሲነድፍ የክሊንጎንን መልክ ከወዳጆቻቸው መርከብ መልክ ጋር አዋሃደው። ዲያሎግ ሳያስፈልግ ፖለቲካው መርከቧ ላይ ታየ። የኤሊየን መርከብ ንድፍ እንዲህ ሲሆን ደስ ይላል።

የሚበላሸውስ እንዴት ነው? ሁለት መንገድ አለው፤ ሁለቱም በስታር ትሬክ ደርሰዋል።

የመጀመሪያው ያለ ቦታው አሮጌውን ማምጣት ነው። በ2001 የጀመረው ተከታታይ ታሪኩ ከዲ-7 ዘመን መቶ ዓመት ያህል ይቀድማል፤ በ2151 ነው የሚጀምረው። ገና በመጀመሪያው ሲዝን ግን የ1979ኟን ኬቲንጋ የምትመስል መርከብ ብቅ አለች። ቅርጿ ትክክል ነው፣ ዘመኗ ስህተት ነው። አድናቂው ወዲያው ያዘው።

ሁለተኛው ከዚህ ይከፋል፦ ስሙን ይዞ ቅርጹን መጣል። በ2017 ዲስከቨሪ የተባለው ተከታታይ ሲጀምር ታሪኩ ከመጀመሪያው ተከታታይ አሥር ዓመት ብቻ ይቀድም ነበር። የክሊንጎን መርከቦቹ ግን ከሥር ከመሠረታቸው ተለወጡ። በጌጥ የተሞሉ፣ ሹል ሹል ያሉ፣ ከሙት ቤት የወጡ የሚመስሉ። አንገትና ትከሻ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። እውነቱን ለመናገር ብዙዎቹ በራሳቸው ያምራሉ። በታሪኩም ሃያ አራት የክሊንጎን ቤቶች ተከፋፍለው ነበርና እያንዳንዱ ቤት የራሱ መልክ ቢኖረው ያስኬዳል። ያላስኬደው አንዲት መርከብ «ዲ-7» ተብላ መጠራቷ ነው። በስክሪኑ ላይ የታየችው ከዲ-7 ጋር በምንም አትገናኝም። ስሙን ባይጠሩት ኖሮ ግማሹ ቁጣ ባልነበረ።

እንዲህ ያለ ክፍተት ሲፈጠር ጸሐፊዎች የሚጠቀሙበት መሣሪያ ሬትኮን ይባላል፤ የተባለውን በኋላ በሚጻፍ ታሪክ ማስተካከል። ሁልጊዜ ግን አያስፈልግም። የክሊንጎኖቹን ግንባር ተመልከቱ። በ1960ዎቹ ልሙጥ ነበር፣ በ1979 በአጥንት ሸንተረር ተሞላ። ዋናው ምክንያት የሲኒማ በጀትና ሜካፕ ነው። በ1996 አንድ ክፍል ጉዳዩን በቀልድ አነሳው። የድሮዎቹ ክሊንጎኖች ለምን ሌላ እንደሚመስሉ ሲጠየቅ፣ ክሊንጎኑ ዎርፍ ከውጭ ሰው ጋር አንወያይበትም ብሎ ዘጋው። ይህ በቂ ነበር! በ2005 ግን ሁለት ሙሉ ክፍል ተመድቦ በቫይረስ ተብራራ። እኔ ቀልዱ ይሻለኛል። ተመልካች የፊልም ሠሪውን ገንዘብ ማጣት ይረዳል፤ ሁሉን ነገር ቫይረስ ላይ መለጠፍ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ቦርጎች የሚባሉት ሌሎቹ የስታር ትሬክ ጠላቶች ዕድለኞች ናቸው። መርከባቸው በ1989 ስትመጣ ኩብ ነበረች። በ1996ቱ ፊልም ላይዋ በዝርዝር ሲታደስ አሁንም ኩብ ናት። ኩብን ማበላሸት ራሱ ችሎታ ይጠይቃል።

ዲስከቨሪ የዲ-7ን ጉዳይ ያስተካከለው በሁለተኛው ሲዝን፣ በ2019 ነው። የክሊንጎኖቹ መሪ ልሬል የአዲስ መርከብ ንድፍ በብርሃን ምስል ለቤቶቹ ታቀርባለች። ያበጠ ጭንቅላት፣ ረጅም አንገት፣ ሰፊ ትከሻ። የተከፋፈሉትን ቤቶች በአንድ መርከብ ሥር ልታሰባስብ ነው፤ መርከቧም ዲ-7 ናት። ቮርቻ እርቁን እንደተናገረችው ሁሉ ይቺም ቅርጿ የፖለቲካ ሥራ ተሰጠው። የጄፍሪስ ንድፍ አዲስ ቆዳ ለብሶ ተመለሰ፣ በጥላዋም ትታወቃለች። የ2017ቱ ክፍል ዲያሎግ ግን እንዳለ አለ፤ ያቺኛዋንም መርከብ ዲ-7 ማለቱን አላቆመም።