ኢኤስዲ ምንድን ነው? ቺፕ የሚገድለው የማይሰማ ብልጭታ

ሹራብ ስታወልቁ ጠሽ ጠሽ የሚል ድምፅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ወይም ከመኪና ወርዳችሁ በሩን ስትዘጉ ጣታችሁን ነዘር አድርጓችሁ ያውቃል? እሱ ነው። ሙሉ ስሙ ኤሌክትሮስታቲክ ዲስቻርጅ፣ ባጭሩ ኢኤስዲ ይባላል። ሰውነታችሁ ላይ ተጠራቅሞ የቆየ የኤሌክትሪክ ቻርጅ፣ ሌላ ነገር ስትነኩ በቅጽበት ሲፈስ ማለት ነው።

ሰው ደንገጥ ብሎ ይረሳዋል። ቺፕ፣ ማለትም ኮምፒውተርና ስልክ ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ትንሽ የሲሊኮን ክፍል፣ ግን ሊሞት ይችላል።

ቻርጁ የሚመጣው ከመነካካት ነው። ሁለት ነገሮች ተነካክተው ሲለያዩ ኤሌክትሮኖች ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራሉ፤ አንዱ ጋ ይበዛሉ፣ ሌላው ጋ ይጎድላሉ። ጫማ ከምንጣፍ ሲነሳ፣ ልብስ ወንበር ሲታከክ፣ ፕላስተር ከጥቅልሉ ሲላቀቅ ሁሌም ይሄ ይፈጠራል። አየሩ ደረቅ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። እርጥበት ሲኖር ዕቃዎች ላይ በዓይን የማይታይ ስስ የውሃ ሽፋን ስለሚያርፍ ቻርጁ በዚያ በኩል ቀስ እያለ ይሾልካል፤ በደረቅ አየር ግን መውጫ ያጣል። እንዲህ ባለ ቀን ምንጣፍ ላይ የሚራመድ ሰው ከ10,000 ቮልት በላይ ተሸክሞ ሊዞር ይችላል። ቁጥሩ ያስደነግጣል፣ ግን የተጠራቀመው ጉልበት በጣም ትንሽ ስለሆነ ሰውን አይጎዳም።

አሁን ዋናው ነገር። ብልጭታው ለጣታችሁ እንዲሰማችሁ በግምት 3,000 ቮልት አካባቢ መድረስ አለበት። ቺፖች ግን ከዚያ በጣም ባነሰ ይጎዳሉ፣ አንዳንዶቹ እንዲያውም 100 ቮልት ሳይሞላ። ስለዚህ «ምንም አልተሰማኝም፣ ደህና ነው» የሚለው ነገር ፈጽሞ አይሰራም። አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው ምንም በማትሰሙበት ሰዓት ነው።

ለምንድን ነው እንዲህ ስስ የሆኑት? ዛሬ ቺፕ ውስጥ የሚሰሩት ትራንዚስተሮች (ኮረንቲን የሚከፍቱና የሚዘጉ ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያዎች) «ጌት» የሚባል መቆጣጠሪያ አላቸው። ጌቱን ከታቹ ካለው ሲሊኮን የሚለየው ጥቂት ናኖሜትር ብቻ የሚወፍር ሽፋን ነው። ያ ሽፋን የሚችለው በግምት ለእያንዳንዱ ናኖሜትር አንድ ቮልት ያህል ነው። በመቶ የሚቆጠር ቮልት ሲመጣበት ይበሳል፣ የተበሳ ሽፋን ደግሞ አይጠገንም። ከቮልቴጁ ሌላ ኮረንቲውም አለ። ቺፖችን ለመፈተን የሰው አካል 100 ፒኮፋራድ ቻርጅ የመያዝ አቅም ያለው፣ ቻርጁም 1,500 ኦም በሆነ የኮረንቲ መገደቢያ በኩል የሚፈስ ተደርጎ ይወሰዳል። በዚህ ስሌት የ2,000 ቮልት ንክኪ ከ1.3 አምፔር በላይ ያሳልፋል። የሚቆየው የሰከንድ ሚሊዮንኛ እንኳ አይሞላም፣ ግን ከፀጉር እጅግ የቀጠነ መስመር ለማቅለጥ ይበቃል።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ግን ወዲያው የሚሞተው ቺፕ አይደለም። እሱን ታውቁታላችሁ፣ ትቀይሩታላችሁ፣ አለቀ። አስቸጋሪው ቆስሎ የሚተርፈው ነው። ፈተናውን ያልፋል፣ ይሰራል፣ ከዚያ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሙቀት ሲበዛበት ይንገዳገዳል። ኮምፒውተሩ ያለ ምክንያት ይጠፋል፣ ሶፍትዌሩ ይወቀሳል፣ እንደገና ይጫናል፣ መፍትሔ የለም። ያቺን የመጀመሪያዋን ንክኪ ማንም አያስታውሳትም።

ደግሞ ሰው የግድ መኖር የለበትም። ቺፑ ራሱ ፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ሲንሸራተት ቻርጅ ይይዝና እግሩ (ከውጭ ጋር የሚገናኝበት የብረት ጫፍ) ብረት ሲነካ በራሱ ላይ ያፈሰዋል። ሰው እጁን በማያስገባባቸው ማሽኖች ውስጥም ይሄ ይደርሳል።

ታዲያ ቺፑ ራሱን አይከላከልም? ይከላከላል፣ በመጠኑ። በየእግሩ አጠገብ የመጣውን ብልጭታ ወደ ግራውንድ (ወደ መሬት መስመር) የሚያዞሩ ዳዮዶች፣ ማለትም ኮረንቲን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያሳልፉ ክፍሎች፣ ይሰሩለታል። ዩኤስቢን የመሰሉ መሰኪያዎች ጋ ደግሞ ለብቻው የሚቀመጥ መከላከያ ዳዮድ አለ። ችግሩ መከላከያው በሰፋ ቁጥር ፈጣኑን ሲግናል ያዘገየዋል። በዚህ ምክንያት በጣም ፈጣን የሆኑት እግሮች የሚያገኙት ጥበቃ ያነሰ ነው።

የቀረው የእኛ ድርሻ ነው፣ ሐሳቡም አንድ ነው፦ እናንተና ቦርዱ (ቺፖቹ የተገጠሙበት ሰሌዳ) እኩል ቮልቴጅ ላይ ሁኑ። ልዩነት ከሌለ የሚፈስ ነገር የለም። እጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው ማሰሪያ ሥራው ይሄ ነው፤ ከግራውንድ ጋር ያገናኛችኋል። ውስጡ 1 ሜጋኦም (አንድ ሚሊዮን ኦም) ሬዚስተር፣ ማለትም ኮረንቲን የሚገድብ ክፍል፣ አለው፣ እሱም ለእናንተ ደህንነት ነው፦ በስህተት 230 ቮልት ብትነኩ የሚያልፍባችሁ ኮረንቲ 0.23 ሚሊአምፔር ብቻ ይሆናል። ይሄ ሬዚስተር ያዘገየዋል ብላችሁ አትስጉ፣ ሰውነታችሁ ላይ ያለው ቻርጅ በሰከንድ ሺኛ ውስጥ ይወጣል። ማሰሪያው ቆዳችሁን መንካቱን ብቻ አረጋግጡ። እጅጌ ላይ ካሰራችሁት ጌጥ ነው።

ፕላስቲክና ስታይሮፎም ግን ግራውንድ ቢደረጉም ቻርጃቸውን አይለቁም፣ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፉ። እነሱን ከጠረጴዛው ማራቅ ነው። ሊርቁ የማይችሉ ከሆነ አየሩን በአዮን (ቻርጅ ባላቸው ጥቃቅን የአየር ቅንጣቶች) የሚሞላ ማራገቢያ ያስፈልጋል።

ቺፕና ቦርድ የሚቀመጡባቸው ከረጢቶችም ይለያያሉ። ሮዝ ቀለም ያለው ከረጢት ራሱ ቻርጅ እንዳይፈጥር ነው የተሰራው፤ ከውጭ የሚመጣ ብልጭታን አያቆምም። የብር ቀለም ያለው ውስጡ ስስ ብረት ስላለው ዕቃውን ይከልላል፣ አፉ ከተዘጋ። ብዙ ሰው ቦርዱን አውጥቶ ከረጢቱ ላይ አስቀምጦ ይሰራል። ይሄን አታድርጉ። የሚከልለው ውስጡ ያለውን ነው፣ ላዩ ላይ የተቀመጠውን አይደለም።

ማሰሪያ ከሌላችሁ ራም (የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ከመቀየራችሁ በፊት የኮምፒውተሩን ያልተቀባ ብረት ንኩ፣ በየመሃሉም ድገሙት፣ ምክንያቱም ወንበር ላይ ስትንቀሳቀሱ ቻርጁ እንደገና ይጠራቀማል። ራሙን ጠርዝና ጠርዙን ያዙት፣ ወርቃማዎቹን መስመሮች አትንኩ። ለሌላ ሰው የምታቀብሉት ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ እጁን ንኩት፣ ከዚያ ስጡት።