ተስፋችን ቅጂ አይደለም

ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛላችሁ፣ የተወደዳችሁ።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አራት ኪሎ ሻይ እየጠጣን ወጣቶቹ ስለ አንድ ፊልም አነሡ። ከቴሌግራም አውርደው ያዩት የቆየ የሆሊውድ ፊልም ነው። ባልና ሚስት የስምንት ዓመት ልጃቸው በመኪና ተገጭቶ ይሞትባቸዋል። አንድ ሐኪም ይመጣና ከህዋሱ መልሰው እንዲወልዱት ያግባባቸዋል። ክሎኒንግ የሚባለው ነው። እኔም ቤት ገብቼ አየሁት። በጣም ቅር አለኝ። ትልቅ ጥያቄ ይዞ ተነሥቶ፣ መሐል ላይ ጥያቄውን ጣለና ልጁን ማስፈራሪያ አደረገው። የእናቲቱ ሐዘን ሜዳ ላይ ቀረ።

እኛ ግን ጥያቄውን አንጣለው። የሞተብንን ሰው መልሶ ማግኘት ማን የማይመኝ አለ?

እ.ኤ.አ. በ1996 ስኮትላንድ ውስጥ ዶሊ የተባለችው በግ ከአንዲት የስድስት ዓመት በግ የጡት ህዋስ ተወለደች። ከ277 ሙከራ የተሳካው ያ አንዱ ብቻ ነው። ዶሊ ግን እንደ ማንኛዋም ግልገል ሆና ነው የተወለደችው። ያቺኛዋ በግ የኖረችውን ስድስት ዓመት ይዛ አልመጣችም። በሰው ላይ ቢደረግም ያው ነው፤ የሚወለደው ዘግይቶ የመጣ መንትያ እንጂ የሞተው ልጅ አይደለም። መንትዮችን ደግሞ እናውቃቸዋለን። መልካቸው አንድ ሆኖ ጠባያቸው ለየቅል ነው።

አሁን ሉቃስ 24፥39ን ግለጡ። ጌታችን ከሙታን ተነሥቶ ለደቀ መዛሙርቱ ሲገለጥ «እጆቼንና እግሮቼን እዩ፥ እኔ ራሴ እንደ ሆንሁ» አላቸው። ለቶማስም ጎኑን አሳየው። የችንካሩ ምልክት አለ። የጦሩ ምልክት አለ። ወዳጆቼ፣ ጠባሳ በዘር አይተላለፍም! ከህዋስ የተቀዳ ሰው ንጹሕ ቆዳ ይዞ ይወለዳል፤ የደረሰበት ነገር ሁሉ ከእርሱ ጋር አይመጣም። ጌታ ግን ያንኑ የተወጋውን ሥጋ ይዞ ተነሣ። በጸሎተ ሃይማኖት የሙታንን ትንሣኤ ተስፋ እናደርጋለን ስንል ይህንን ነው የምንለው። የሚነሣው ያው የቀበርነው ልጅ ነው፤ ስሙን ስንጠራው አቤት ይለን የነበረው።

ኢዮብንም አስታውሱ። በመጨረሻ ከብቱ ሁሉ እጥፍ ሆኖ ተመለሰለት፤ 7,000 የነበረው በግ 14,000 ሆነ። ልጆቹ ግን እንደ በፊቱ ሰባት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ናቸው። ለምን እጥፍ አልሆኑም? የፊተኞቹ ዐሥሩ በእግዚአብሔር ዘንድ ስላሉ ነው። ከብት ይተካል። ልጅ ላይ ልጅ ይጨመራል እንጂ አይተካም።

እዚህ ላይ ለቅሶ ቤት የምንናገረውን እናስብ። ልጇ የሞተባትን እናት «አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ሌላ ይተካልሻል» እንላታለን። በቅን ልብ ነው የምንለው። ነገር ግን ሐኪሙ በፊልሙ ውስጥ ያላት ከዚህ በምን ይለያል? እርሷ ሌላ አልጠየቀችም። ያንን ነው የምትፈልገው።

እባካችሁ ይህችን ቃል እንተዋት። አጠገቧ ተቀመጡ፤ ስለ ልጇ ማውራት ከፈለገች አውሩላት፣ ወሬም አታስለውጧት። ስመ ክርስትናውንም ጠይቋትና ማታ ስትጸልዩ ስሙን ጠርታችሁ አስቡት።