የቀደሙ ትውልዶችን ከድሮ መዛግብት ማፈላለግ

የዘር ሐረግ ጥናት አንድ ሰው ከማን እንደተወለደ፣ ያም ደግሞ ከማን እንደተወለደ በማስረጃ እያያያዙ ወደ ኋላ መቁጠር ነው። ሥራው የሚካሄደው በአብዛኛው ለሌላ ጉዳይ በተጻፉ መዛግብት ላይ ነው። ቄሱ ጥምቀትን የመዘገበው ሥርዓቱ መፈጸሙን ለማስታወቅ፣ ቆጣሪው ቤት ለቤት የዞረው መንግሥት የሕዝቡን ብዛት ማወቅ ስለፈለገ፣ ግብር ሰብሳቢው ስም የጻፈው ገንዘብ ለመሰብሰብ ነው። ዘር ቆጣሪን አስቦ የጻፈ የለም። ስለዚህ አንድ መዝገብ ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን ጻፈው፣ ለምን ጻፈው፣ ከማንስ ሰምቶ ጻፈው የሚለው ነው። የትኛው መስመር እንደሚታመን፣ የትኛው እንደሚጠረጠር የሚለየው በዚህ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ወራትና ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው የሚታወቀው ሰው ነው

ጥናቱ ሁልጊዜ ከሚታወቀው ወደማይታወቀው ይሄዳል፤ ከራስ ወደ ወላጆች፣ ከወላጆች ወደ አያቶች፣ አንድም ትውልድ ሳይዘለል። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የኖረ አንድ ስመ ጥር ሰው መርጦ ከእሱ ወደ ራስ ለመውረድ መሞከር ብዙ ጀማሪዎችን ያሳተ መንገድ ነው። ሞክሼ የሆነ ሁሉ ዘመድ አይደለም።

ወደ መዝገብ ቤት ከመሄድ በፊት በሕይወት ያሉ የቤተሰቡ ትልልቅ ሰዎች ይጠየቃሉ። «ስለ ድሮው ይንገሩኝ» ከሚለው ይልቅ ጠበብ ያለ ጥያቄ ብዙ ያስገኛል፦ አያትዎ የት ተቀበሩ? ከወንድሞቻቸው አገር ጥሎ የሄደ ነበር? ሠርጉ ላይ ሚዜው ማን ነበር? ንግግሩን በድምፅ መቅዳት ይገባል፤ በመጀመሪያው ጊዜ ትርጉም ያልሰጠ የቦታ ስም ከወራት በኋላ መዝገብ ላይ ሲገኝ ቁልፍ ይሆናልና። ቤት ውስጥ ያሉት ወረቀቶችም አይናቁ፦ የፎቶግራፍ ጀርባ፣ የደብዳቤ ፖስታ ላይ ያለ ማኅተም፣ በቤተሰብ መጽሐፍ ቅዱስ ባዶ ገጽ ላይ የተጻፈ የልደት ዝርዝር። እንዲህ ያለ ዝርዝር ሲገኝ መጽሐፉ የታተመበትን ዓመት ማየት ነው። ከኅትመቱ ዓመት የሚቀድሙ ልደቶች በአንድ ቀለምና በአንድ እጅ ተጽፈው ከሆነ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ከትዝታ ወይም ከሌላ ወረቀት የሰፈሩ ናቸው። በየጊዜው ቀለምና ብዕር እየተለዋወጠ የተጻፈው የተሻለ ይታመናል።

ሰዎቹን ለመለየት በ1590 ሚካኤል አይትሲንገር የተጠቀመበት ቁጥር አሰጣጥ እስካሁን ያገለግላል። ሐረጉ የሚቆጠርለት ሰው 1 ቁጥር ይሆናል፤ የማንኛውም ሰው አባት የዚያ ሰው ቁጥር እጥፍ፣ እናቱ እጥፉ ላይ አንድ ተደምሮ። የ13 ቁጥር አባት 26፣ እናት 27 ናቸው። ከዚሁ ጎን የፍለጋ ማስታወሻ ይያዛል፦ ቀኑ፣ መዝገብ ቤቱ፣ የመዝገቡ መለያ ቁጥር፣ የታዩት ዓመታት፣ ስሙ የተፈለገበት አጻጻፍ፣ የተገኘው። ምንም ካልተገኘም «አልተገኘም» ተብሎ ይጻፋል። ይህ ካልተደረገ ያው መዝገብ ደግሞ ደጋግሞ መገለጡ አይቀርም።

ቀጥሎ የሚታወቀው ቦታው ነው፤ በዚያ ዘመን ማን ያስተዳድረው እንደነበርም ጭምር። መዝገብ የሚከተለው የያኔውን ሥልጣን ነው። ለምሳሌ የምሥራቅ ጋሊሲያ መንደሮች እስከ 1918 በኦስትሪያ፣ ከዚያ በፖላንድ፣ በኋላ በሶቪየት ዩክሬን ሥር ነበሩ። መዝገቦቻቸው በላቲን፣ በጀርመንኛ ወይም በፖላንድኛ ተጽፈው ዛሬ በዋርሶና በሊቪቭ ቤተ መዛግብት ተከፋፍለው ይገኛሉ። የመንደሩን የዛሬ አገር ብቻ ይዞ የሚፈልግ ሰው ግማሹን ሳያየው ይቀራል።

የቤተ ክርስቲያን መዛግብት

በአውሮፓ የመንግሥት ምዝገባ ሳይጀመር በፊት ዋናው ምንጭ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው። በእንግሊዝ የንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ሚኒስትር ቶማስ ክሮምዌል በ1538 ባወጣው ትእዛዝ እያንዳንዱ አጥቢያ ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር መመዝገብ ጀመረ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም በ1563 በትሬንት ጉባኤ የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብን ደነገገች። በእንግሊዝ ከ1598 ጀምሮ የየዓመቱ ግልባጭ ለኤጲስ ቆጶሱ ይላክ ስለነበር ዋናው ሲጠፋ ግልባጩ የተረፈበት ቦታ ብዙ ነው። ሁለቱም ካሉ ሁለቱም ይታያሉ፤ ገልባጩ መስመር የዘለለበት፣ አልፎ አልፎም ከዋናው ላይ የሌለ ነገር የጨመረበት ይገኛል።

የጥምቀት ቀን የልደት ቀን አይደለም። በመካከላቸው ጥቂት ቀናት ሊሆን ይችላል፤ ዓመታትም ሊያልፉ ይችላሉ። የአንድ ቤት አራት ልጆች በአንድ ቀን ከተጠመቁ እኩያ ናቸው ማለት አይደለም። የሞተን ልጅ ስም ለሚቀጥለው መስጠትም የተለመደ ነበር፤ ስለዚህ ከአንድ ባልና ሚስት በ1702 እና በ1705 የተጠመቁ ሁለት «ጆን» ሲገኙ በመካከል ያለው የቀብር መዝገብ መታየት አለበት። ይህ ምርመራ ለማንኛውም እጩ ቅድመ አያት ይሠራል፦ ተገኘ የተባለው ሕፃን ሳያድግ መሞት አለመሞቱ ሳይጣራ ሐረግ ውስጥ አይገባም። በሁለት ዓመቱ ለተቀበረ ልጅ የልጅ ልጆች የተቆጠሩለት ሐረግ በርካታ ነው።

የመንግሥት ምዝገባ

ፈረንሳይ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባን ከቤተ ክርስቲያን ወደ ማዘጋጃ ቤት ያዛወረችው በመስከረም 1792 ነው። እንግሊዝና ዌልስ በሐምሌ 1 ቀን 1837 ጀመሩ፣ ስኮትላንድ በ1855፣ አየርላንድ ለሁሉም ሃይማኖት በ1864። ቅጾቹ ግን እኩል አይናገሩም። የስኮትላንድ የሞት መዝገብ የሟቹን አባትና እናት፣ እናቱንም ከነቤተሰብ ስሟ ስለሚጽፍ አንድ ወረቀት ሙሉ ትውልድ ወደ ኋላ ይወስዳል። የእንግሊዙ የአዋቂ ሰው ሞት መዝገብ ግን ወላጆችን አይጠቅስም። በፈረንሳይ ከ1897 ወዲህ ጋብቻ በልደት መዝገቡ ኅዳግ ላይ ይጻፋል፤ ኅዳጉን ሳያነብ ገጹን የሚገለብጥ ሰው የሚፈልገውን አልፎት ይሄዳል።

የእንግሊዝ ማውጫ የተዘጋጀው በየሦስት ወሩ በተመዘገቡበት ጊዜ እንጂ በተወለዱበት አይደለም። በታኅሣሥ የተወለደ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያ ሩብ ውስጥ መገኘቱ ተራ ነገር ነው። ልደት በ42 ቀን ውስጥ ካልተመዘገበ ችግር ስለሚያስከትል አንዳንድ ወላጆች ቀኑን ወደ ፊት ገፍተው ያስመዘግቡ ነበር። ልጁ ከመወለዱ በፊት የተጠመቀ የሚመስልበት መዝገብ ምስጢሩ ብዙ ጊዜ ይህ ነው፤ እዚያ ላይ የሚታመነው የጥምቀቱ ቀን ነው። በዚሁ የልደት መዝገብ ከቀኑ ጋር ሰዓት ተጽፎ ከተገኘ ደግሞ መንታ መኖሩን ይጠቁማል።

የሕዝብ ቆጠራ

ቆጠራ ቤተሰቡን በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ስለሚያሳይ የሚተካው የለም። ግን እያንዳንዱ ቆጠራ የራሱ ደንብ አለው። በሰኔ 6 ቀን 1841 የተደረገው የእንግሊዝ ቆጠራ ከ15 ዓመት በላይ ያሉትን ዕድሜ ወደ ታች ወደ አምስት ብዜት እንዲጠጋጋ ያዛል፤ «40» የተባለው ሰው ከ40 እስከ 44 ሊሆን ይችላል፤ ማለትም ከ1796 አጋማሽ እስከ 1801 አጋማሽ የተወለደ። ደንቡን ያልጠበቁ ቆጣሪዎችም ነበሩ። ዝምድናና የተወለዱበት አጥቢያ የተጨመረው በ1851 ነው። በአሜሪካ ከ1790 እስከ 1840 የሚጻፈው የአባወራው ወይም የእማወራዋ ስም ብቻ ነበር፤ ሌላው በዕድሜና በፆታ በቁጥር ይቀመጣል። የነፃ ሰዎች ሁሉ ስም የተጻፈው በ1850፣ ከቤቱ ኃላፊ ጋር ያላቸው ዝምድና በ1880 ነው። የአሜሪካ ቆጠራ ለሕዝብ የሚከፈተው ከ72 ዓመት በኋላ፣ የእንግሊዝ ከ100 ዓመት በኋላ ነው።

በአሜሪካ በባርነት የነበሩ ሰዎችን ዘር ማፈላለግ ከዚህ ሁሉ ይከብዳል፤ ሊሠራ የማይችል ግን አይደለም። የ1850 እና የ1860 የባሪያዎች ዝርዝር ከባለቤቱ ስም ሥር ዕድሜና ፆታ እንጂ ስም አይጽፍም ለማለት ይቻላል። ሁሉም በስማቸው የተቆጠሩት በ1870 ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ለመሻገር በመካከል ያሉትን ዓመታት የሚሸፍኑት ከባርነት ነፃ የወጡ ሰዎች ጉዳይ ቢሮ ሰነዶች (1865–1872) እና ለእነዚሁ ሰዎች የተቋቋመው ባንክ የደንበኞች መዝገብ ይፈተሻሉ። የባንኩ መዝገብ የወላጆችን፣ የእኅት ወንድሞችን፣ አልፎ አልፎም የቀድሞውን ባለቤት ስም ይጠይቅ ነበር። የባለቤቱ ስም ሲታወቅ ፍለጋው ወደ እሱ ኑዛዜ፣ የንብረት ቆጠራና የሽያጭ ውል ይዛወራል፤ ሰዎቹ በስማቸው የተጠሩት እዚያ ነው፣ ከከብቱና ከእቃው ጋር ተዘርዝረው።

ስሞችና ቀኖች የሚያሳስቱበት

ጸሐፊው ስምን የሚጽፈው እንደሰማው ነው፤ ባለስሙ ማንበብ ካልቻለ አያርመውም። የፊደል ልዩነት ስለታየ ብቻ «ይሄ የእኛ አይደለም» ማለት በር መዝጋት ነው። በ1918 ሮበርት ራስል ያስመዘገበው ሳውንዴክስ የሚባለው ኮድ የመጀመሪያውን ፊደል እንዳለ ይዞ የቀሩትን ድምፆች ወደ ሦስት አኃዝ ይለውጣል፤ ስሚዝም ሽሚትም ኤስ-530 ይሆናሉ። ድክመቱ የመጀመሪያው ፊደል ላይ ነው፤ ኬን የሚለው ስም በሲ ሲጻፍና በኬ ሲጻፍ ሁለት ኮድ ስለሚያወጣ ለየብቻ ይፈለጋል። ወደ አሜሪካ የሚገቡ ስደተኞች በኒው ዮርክ ወደብ ይመረመሩበት ስለነበረው ስለ ኤሊስ ደሴት በሰፊው የሚወራው «እዚያ ስማችን ተቀየረ» የሚለው ታሪክም መዝገቡን ሲያዩት አይቆምም። በደሴቱ ላይ ያሉት ሠራተኞች የሚያመሳክሩት መርከቡ በተነሣበት ወደብ ተጽፎ የመጣውን ዝርዝር ነበር። ስም የተለወጠው በአብዛኛው በኋላ፣ በሰዎቹ በራሳቸው ነው።

ቀንን በተመለከተ፣ እንግሊዝና ቅኝ ግዛቶቿ እስከ 1752 ድረስ ዓመትን የሚጀምሩት በመጋቢት 25 ነበር፤ በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ውስጥ አሥራ አንድ ቀናት ተዘለሉ። ጆርጅ ዋሽንግተን በአሮጌው አቆጣጠር የተወለደው በየካቲት 11 ቀን 1731 ሲሆን በአዲሱ የካቲት 22 ቀን 1732 ነው። ይህን ያላወቀ ሰው በጥር የተቀበረች እናት በዚያው «ዓመት» ግንቦት ላይ ከመውለዷ በፊት የሞተች ይመስለዋል። በመዝገቡ ላይ ያለው ቀን እንዳለ ይገለበጣል፤ ቅየራው በጎን ይጻፋል እንጂ በላዩ ላይ አይደረግም።

መዝገቡ ሲጠፋ

በሰኔ 30 ቀን 1922 የደብሊን ቤተ መዛግብት ሲቃጠል የ1821–1851 የአየርላንድ ቆጠራዎች ከጥቂት ቁርጥራጭ በቀር ጠፉ። የፓሪስ የልደትና የሞት መዛግብት በግንቦት 1871 ነደዱ፤ ሁለተኛው ቅጂ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ቢቀመጥም በዚያው ሰሞን ተቃጥሏል። የአሜሪካ የ1890 ቆጠራም ከ1921ዱ ቃጠሎ በኋላ ሊያልቅ ጥቂት ቀረው። መፍትሔው ያንኑ ሰው ሌላ መሥሪያ ቤት በሌላ ምክንያት የጻፈበትን መፈለግ ነው። ለአየርላንድ ከ1847 እስከ 1864 የተካሄደው የግሪፍዝ የመሬት ግምት ባለይዞታዎችን በስም ይዘረዝራል። ለአሜሪካ ደግሞ የከተማ አድራሻ መጻሕፍትና የግብር ዝርዝሮች አሉ።

ማስረጃው ሲመዘን

አንድ ወረቀት ሙሉ በሙሉ አይታመንም፣ ሙሉ በሙሉም አይጣልም፤ መስመር በመስመር ይመዘናል። የሞት ምስክር ወረቀት የሞቱን ቀን የሚናገረው አልጋው አጠገብ ከነበረ ሰው ሰምቶ ሊሆን ይችላል። የልደቱን ቀን ግን የነገረው ሟቹ ሲወለድ ያልነበረ ልጁ ወይም አማቹ ነው። ማውጫና በኮምፒውተር የተለቀመ ጽሑፍ መንገድ ጠቋሚ ናቸው እንጂ ማስረጃ አይደሉም፤ የዋናው ገጽ ምስል መታየት አለበት፣ ከፊቱና ከኋላው ካሉት ገጾች ጋር። ጎረቤቶች፣ የጋብቻ ምስክሮችና የክርስትና አባቶች ዘመድ ሆነው የሚገኙበት ጊዜ ብዙ ነውና ሁለት ሞክሼዎችን ለመለየት ከእነሱ የተሻለ መሣሪያ የለም። የዲኤንኤ ምርመራም ይረዳል፤ በሴንቲሞርጋን (የጋራ ዲኤንኤ በሚለካበት መለኪያ) ወላጅና ልጅ ወደ 3,400፣ የመጀመሪያ ደረጃ የአጎት ልጆች በአማካይ 850 አካባቢ ይጋራሉ። ቁጥሩ ዝምድና መኖሩን እንጂ ማን አባት እንደሆነ አይናገርም፤ ወረቀቱ የግድ ያስፈልጋል።

ከሌሎች አጥኚዎች ጋር

ያንኑ ቤተሰብ ወይም ያንኑ አጥቢያ ለዓመታት ያጠና ሰው ማግኘት ወራት ይቆጥባል። በቦስተን በ1845 የተቋቋመው የኒው ኢንግላንድ የታሪክና የዘር ሐረግ ማኅበርና በለንደን በ1911 የተመሠረተው የዘር ሐረግ አጥኚዎች ማኅበር ከእንዲህ ዓይነቶቹ ቀደምቶቹ ናቸው። በ1894 በዩታ የተጀመረው ማኅበር ያነሳው ማይክሮፊልም ዛሬ ፋሚሊሰርች በሚባለው ድረ ገጽ በነፃ ይታያል፤ አንዳንዱ ምስል ግን ከመዝገቡ ባለቤት ጋር ባለው ስምምነት ምክንያት በፋሚሊሰርች ማዕከላት ውስጥ ብቻ ይከፈታል።

ለሌላ አጥኚ የሚላክ ጥያቄ አጭርና የተሟላ ይሁን፦ የሰውዬው ሙሉ ስም፣ ግምታዊ ዓመታት፣ ቦታ፣ እስካሁን የታዩት መዛግብት፣ የሚፈለገው አንድ ነገር። «ስለዚህ ቤተሰብ ያለዎትን ሁሉ ይላኩልኝ» የሚል ደብዳቤ መልስ አያገኝም። መልስ ሲመጣም ይፈተሻል። ያው ሐረግ በሃያ ሰዎች እጅ ቢገኝ ሃያ ማስረጃ አይሆንም፤ አንዱ ከሌላው ገልብጦት ነውና ሁሉም ወደ አንድ ምንጭ፣ አንዳንዴም ወደ አንድ ግምት ይመለሳሉ። የሚጠየቀው «ይህን ከየት አገኙት?» ነው፤ መዝገቡ፣ ገጹና ቁጥሩ ካልተነገረ በእርሳስ ተጽፎ ይቆያል።

የራስን ሥራ ሲያካፍሉ የተረጋገጠውና የተገመተው ተለይቶ ይጻፋል። ፋይሉ ጄድኮም በሚባለው በ1984 በወጣው ዓይነት ከተላከ በአብዛኞቹ የዘር ሐረግ ፕሮግራሞች ይከፈታል፤ ፎቶግራፎች ግን ብዙ ጊዜ አብረው ስለማይሄዱ ለብቻ ይላካሉ። ከመላኩ በፊት በሕይወት ያሉ ሰዎች ስምና የልደት ቀን ይወጣል። ሞታቸው ያልተረጋገጠና ከመቶ ዓመት ወዲህ የተወለዱትም እንዳሉ ይቆጠራሉ።