ካርድ ክፍል በቤት፦ ማስታወሻን በካርድ የመያዝ ዘዴ

ሐኪም ቤት የሄደ ሰው ሁሉ ካርድ ክፍልን ያውቃል። በመስኮቱ ቁጥር ትሰጣላችሁ፤ ሠራተኛው ከመደርደሪያው ማህደራችሁን ይዞ ይመጣል። ቁጥሩ የጠፋበት ሰው ደግሞ ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ ይጠየቃል። ያኔ በስም የተደረደሩ ትንንሽ ካርዶች ይገላበጣሉ፤ ቁጥሩ ከዚያ ይገኛል። ማህደሩ በቁጥር፣ መፈለጊያው በስም ማለት ነው።

ማስታወሻን በካርድ መያዝ ይህንኑ አሠራር ወደ ቤት ማምጣት ነው። አንድ ሐሳብ በአንድ ካርድ ላይ ይጻፋል። ካርዱ ርዕስ ወይም ቁጥር ተሰጥቶት ሳጥን ውስጥ ቦታውን ይይዛል። ሲፈለግ ይወጣል፤ ሥራው ሲያልቅ ይመለሳል።

ከደብተር የሚለየው በአንድ ነገር ነው። ደብተር ላይ የጻፍነው ነገር እዚያው ገጽ ላይ ይቀራል። ካርድ ግን ይነሳል፣ ቦታ ይቀይራል፣ ከማያውቀው ካርድ ጎን ይቀመጣል። እኔ ሀዋሳ ውስጥ ይህን ዘዴ የምጠቀመው ለዚህ ስል ነው።

አንድ ካርድ ላሳያችሁ። አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ አጠገብ ቆሜ፣ አባ ኮዳ ስለሚባለው ትልቅ ወፍ የጻፍኩት ነው።

«አባ ኮዳ። ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም፣ ጠዋት 1 ሰዓት። አጥማጆቹ የሚጥሉትን የዓሣ አንጀት ይጠብቃል። እግሩ ነጭ ይመስላል፤ በራሱ ኩስ ስለሚሸፍነው ነው። እርጥበቱ ሲተን ሙቀት ይዞለት ይሄዳል።»

ካርዱ መጀመሪያ የተቀመጠው «ወፎች» ከሚለው መለያ ካርድ ኋላ ነበር። ከወራት በኋላ ስለ እንስራ ሌላ ካርድ ጻፍኩ። የእንስራ ውሃ የሚቀዘቅዘው በሸክላው ውስጥ እየሰረገ ወጥቶ ስለሚተን ነው። ሁለቱን ካርዶች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ሳያቸው ነገሩ አንድ ሆኖ ታየኝ። «ትነት» የሚል አዲስ መለያ አበጀሁና ሁለቱንም ከኋላው አስገባኋቸው። በደብተር ቢሆን አባ ኮዳና እንስራ በፍጹም አይገናኙም ነበር።

ከየት መጣ

በዚህ ክፍል ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስዊዘርላንዳዊው ሊቅ ኮንራድ ጌስነር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያነበበውን በወረቀት እየጻፈ፣ ወረቀቱን እየቆራረጠ፣ ቁራጮቹን በርዕስ ይደረድር ነበር። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ካርል ሊኒየስ ደግሞ በ1760ዎቹ ልካቸው እኩል የሆነ ወረቀቶችን መጠቀም ጀመረ። ከዓለም ዙሪያ አዳዲስ ዕፅዋት በየጊዜው ይደርሱት ነበር። አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር ሙሉ መዝገብ እንደገና ከመጻፍ አንዲት ወረቀት በመሃል መጨመር ይቀላል።

በ1791 የፈረንሳይ አብዮት መንግሥት ከቤተ ክርስቲያን የተወረሱትን መጻሕፍት ለመመዝገብ የመጫወቻ ካርታ እንዲያገለግል አደረገ። የዚያ ዘመን ካርታ ጀርባው ባዶ ነው። ጠንካራ ነው፣ ልኩም አንድ ዓይነት ነው፣ በየቦታው ይገኛል።

አሜሪካዊው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሜልቪል ዲዊ መጻሕፍትን በአስርዮሽ ቁጥር የሚመድብበትን ዘዴ በ1876 አሳተመ። የቤተ መጻሕፍት ዕቃ የሚያቀርብ ድርጅትም አቋቋመ። 7.5 በ12.5 ሴንቲ ሜትር የሆነው የካርድ ልክ በዓለም ላይ የተስፋፋው በዚያ ዘመን ነው። በ1895 ቤልጂየማውያኑ ፖል ኦትሌና ኦንሪ ላፎንቴን ብራስልስ ላይ የዓለምን መጻሕፍት ሁሉ በካርድ ለመመዝገብ ተነሱ። ስብስባቸው ከ12 ሚሊዮን ካርድ አለፈ። ሰው ጥያቄውን በፖስታ ይልካል፤ እነሱ ካርዶቹን ገልብጠው ይመልሱለታል። ላፎንቴን በ1913 የሰላም ኖቤል ሽልማት ያገኘው ሰው ነው።

ለግል ማስታወሻ ግን ስሙ ከሁሉ በላይ የሚነሳው ጀርመናዊው የኅብረተሰብ ጥናት ምሁር ኒክላስ ሉማን ነው። ከ1927 እስከ 1998 ኖረ። ወደ 90,000 የሚጠጉ ወረቀቶችን በእጁ ጽፎ ትቷል፤ ዛሬ በቢሌፌልድ ዩኒቨርሲቲ ተጠብቀዋል። በርካታ መጻሕፍትና መቶዎች የሚቆጠሩ ጽሑፎች የወጡት ከዚያ ሳጥን ነው። የእሱን ቁጥር አሰጣጥ በኋላ እመለስበታለሁ።

የቤተ መጻሕፍቱ ካርድ ዘመን ግን አብቅቷል። ለብዙ ቤተ መጻሕፍት ካርድ ያትም የነበረው የአሜሪካ ድርጅት የመጨረሻውን ያተመው በጥቅምት 2015 ነው።

ካርዱና ሳጥኑ

ተቆርጦ የተዘጋጀ ካርድ ሀዋሳ ውስጥ ፈልጌ ብዙም አልቀናኝም። መፍትሔው ቀላል ነው። በካሬ ሜትር 160 ግራም የሆነ ጠንካራ ኤ ፎር ወረቀት ገዝቶ ፎቶ ኮፒ ቤት ለአራት ማስቆረጥ። አንዱ ካርድ 10.5 በ14.8 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። 100 ወረቀት 400 ካርድ ይወጣዋል። ተራ ወረቀት አይመከርም፤ ሳጥን ውስጥ ቀጥ ብሎ አይቆምም፣ ጫፉም ቶሎ ይተጣጠፋል።

ለሳጥኑ የጫማ ካርቶን ይበቃል። ካርዶቹ ሲበዙ አናጺ ዘንድ መሄድ ነው። ውስጡ 15.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ቢኖረው ካርዱ እንደ ልብ ይገባል ይወጣል። ሳጥኑን ግጥም አድርጎ መሙላት ግን ጥሩ አይደለም። ካርዶቹ ወደ ኋላ ጋደም ብለው ጣት ማስገቢያ ቦታ ሊተርፍ ይገባል።

በየመሃሉ ከሌሎቹ ከፍ ያለ ጆሮ ያለው መለያ ካርድ ይገባል። ርዕሱ ወይም ፊደሉ ጆሮው ላይ ይጻፋል። የድሮ የቤተ መጻሕፍት ካታሎግ መሳቢያ ካርዶቹን ሁሉ ከሥር የሚያያይዝ የብረት ዘንግ ነበረው፤ መሳቢያው ቢወድቅ ተራው አይበተንም። በባጃጅ ሳጥን ይዞ ለሚንቀሳቀስ ሰው ወፍራም ላስቲክ ይህንኑ ሥራ ይሠራል።

እስክሪብቶ ላይ ምርጫዬ ተራው ቢክ ነው። ሐይቁ ዳር እርጥብ እጅ ሲነካው ጄል ይፈስሳል፤ ቢክና እርሳስ ይጸናሉ። ሳጥኑን መሬት ላይ አለማስቀመጥ ነው፤ ምስጥም እርጥበትም የሚመጡት ከታች ነው።

የከተማዋ ስምና የፊደል ተራ

በአማርኛ ካርድ የሚደረድር ሰው ትልቁ ፈተናው ፊደል ነው። ይህን ለማየት ከከተማችን ስም ወዲያ መሄድ አያስፈልግም። የድሮ ጽሑፎች «አዋሳ» ይላሉ። ዛሬ አንዱ «ሀዋሳ»፣ ሌላው «ሐዋሳ» ብሎ ይጽፋል። በሀሁ ተራ ሀ 1ኛ ነው፣ ሐ 3ኛ፣ አ ደግሞ 16ኛ። ስለ አንዲት ከተማ የተጻፉ ካርዶች ሦስት ቦታ ተበታተኑ ማለት ነው።

ጉዳዩ በሰው ስም ላይ ይብሳል። አንድ ጊዜ አጎቴን አንድ ጤና ተቋም ወስጄው ነበር። ካርዱ ጠፍቶበታል። ስሙ «ኃይሉ» ነው። ሠራተኛዋ በ«ሀ» ፈለገች፤ የለም። በ«ሐ» ፈለገች፤ የለም። አዲስ ካርድ አወጡለትና የድሮው የስኳር ምርመራ ውጤቱ ተለይቶ ቀረ። ካርዱ በ«ኀ» ነበር፤ 13ኛው ፊደል ላይ። በኋላ ተገኘ። እሷ ሰነፍ ሆና አይደለም። ከመጀመሪያው አንድ ደንብ ስላልተቀመጠ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ካርድ ከመጻፉ በፊት ደንብ ይውጣ። እኔ የተከተልኩት ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ማጋባት ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ቤት ይገባሉ። ሠ ከሰ፣ ዐ ከአ፣ ፀ ከጸ ጋር ይሆናሉ። 33ቱ ፊደላት 28 መለያ ይሆናሉ። ይህ አጻጻፍን አይነካም። «ፀሐይ» ብዬ የጻፍኩት «ፀሐይ» ሆኖ ይኖራል፤ የሚጋባው የሚቀመጥበት ቦታ ብቻ ነው። ፊደሎቹ ይለዩ የሚሉ ሰዎች ክርክራቸውን እረዳለሁ፤ የግዕዙ ሥር ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ለፍለጋ ግን ጆሮ ከዓይን ይቀድማል።

ሁለተኛው መድኃኒት የ«ተመልከት» ካርድ ነው። በ«አ» ሥር «አዋሳ — ሀዋሳን ተመልከት» የምትል አንዲት ካርድ ትቀመጣለች። ሌላ ምንም አልተጻፈባትም። የድሮ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ይህን በጣም ያዘወትሩ ነበር። ከሁሉም ዘዴ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

የሰው ስም ሌላም ጣጣ አለው። የውጭ አገር አሠራር በቤተሰብ ስም ይደረድራል። የእኛ ሰው የቤተሰብ ስም የለውም፤ የራሱ ስም ይቀድማል፣ የአባቱ ይከተላል። የቤተ መጻሕፍት ደንብም ኢትዮጵያዊን በራሱ ስም ይመዘግባል። የውጭ መጽሔቶች ግን ብዙ ጊዜ ጸሐፊውን በአባቱ ስም ይጠቅሱታል። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ ተማሪ አንዱን ምሁር ሁለት ሰው አድርጎ እንዳይመዘግብ እዚህም «ተመልከት» ካርድ ያድነዋል።

2000 የትኛው ነው?

ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ በቀድሞ ስሙ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ የተቋቋመው በ2000 እ.ኤ.አ. ነው። የእርሻ ኮሌጁ፣ የወንዶ ገነት የደን ኮሌጅና የዲላው ኮሌጅ ተዋሕደው ማለት ነው። የኢትዮጵያን ሚሊኒየም ያከበርነውም በ2000 ነው፤ ያ ግን ዓ.ም ነው፣ በፈረንጆቹ መስከረም 2007። ሁለት ካርድ ላይ «2000» ብቻ ከተጻፈ ከሰባት ዓመት በላይ የሚራራቁ ነገሮች አንድ ቀን የሆኑ ይመስላሉ። ከእያንዳንዱ ዓመት ኋላ «ዓ.ም» ወይም «እ.ኤ.አ.» መጻፍ ሁለት ሴኮንድ አይፈጅም።

የ43ቱ መለያ

የድሮ ቢሮዎች ቀጠሮ የሚያስታውስ ሳጥን ነበራቸው። 12 መለያ ለወራት፣ 31 ለቀናት፣ በድምሩ 43። በ18 መልስ የሚፈልግ ደብዳቤ ከ18 ኋላ ይገባል። ጸሐፊዋ ጠዋት የዕለቱን መለያ ታወጣለች፣ ያለውን ትሠራለች፣ መለያውን ወደ ኋላ ትመልሳለች። የወሩ ጊዜ ያልደረሰ ነገር በወሩ መለያ ኋላ ይጠብቃል።

እኛ ስንሠራው 13 ወርና 30 ቀን ይሆናል። ድምሩ ያው 43 ነው! ይህን ሳሰላ በጣም ደስ አለኝ። የእኛው ደግሞ ይበልጥ ይመቻል። ወሮቹ ሁሉ 30 ስለሆኑ አንዳንዴ ባዶውን የሚቀር 31ኛ መለያ የለም። በጳጉሜ ብቻ የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ወይም ስድስቱ ይሠራሉ። የዕቁብ ቀን፣ የቤት ኪራይ፣ የውሃ ክፍያ ሁሉ ካርድ ካርድ ይኖረዋል። ማኅበር ወይም ዝክር ያለው ሰው ደግሞ በዓሉ በየወሩ በዚያው ቀን ስለሚውል ካርዱን ማንቀሳቀስ አያስፈልገውም። የገብርኤል ካርድ ሁልጊዜም 19 ላይ ነው።

ቁጥር፣ ቀዳዳና ፈተና

ሉማን ካርዶቹን በርዕስ አልደረደረም። ለእያንዳንዱ ቋሚ ቁጥር ሰጠ። ከካርድ 21 የሚቀጥል ሐሳብ ሲመጣለት 22 ይለዋል። ከ21 የሚቀጠል ቅርንጫፍ ከሆነ ግን 21ሀ ብሎ ከኋላው ያስገባል፤ ከዚያ 21ሀ1፣ 21ሀ2 እያለ ይሄዳል። እሱ በላቲን ፊደል ነው፤ በእኛ ፊደልም ልክ እንደዚያው ይሠራል። በዚህ መንገድ በማናቸውም ሁለት ካርዶች መሃል ሁልጊዜ ቦታ አለ። መፈለጊያው ለብቻ ነው፤ ቃሉና የመጀመሪያው ካርድ ቁጥር ብቻ ይጻፍበታል። ካርድ ክፍሉን ካስታወሳችሁ አዲስ ነገር አይሆንባችሁም።

ከ300 ካርድ በታች ላለው ሰው ይህ ቁጥር ሸክም ነው ብዬ አምናለሁ። በፊደል ይጀምር። ቁጥሩ የሚያስፈልግበት ቀን ራሱ ይመጣል።

ዳር ዳሩን ቀዳዳ ያለው ካርድም ነበር። እያንዳንዱ ቀዳዳ የአንድ ርዕስ ነው። ካርዱ ያንን ርዕስ የሚመለከት ከሆነ ቀዳዳው እስከ ጠርዙ ተቆርጦ ይከፈታል። ከዚያ በካርዶቹ ቁልል ውስጥ ረጅም መርፌ ያልፋል፤ ቁልሉ ሲነሳ የተከፈቱት ይወድቃሉ፣ ሌሎቹ ተንጠልጥለው ይቀራሉ። በወስፌ ሞክሬዋለሁ፤ ይሠራል።

ለፈተና የሚያጠኑ ተማሪዎች የሚጠቀሙበት ደግሞ ጸሐፊው ሰባስቲያን ላይትነር በ1970ዎቹ ያስተዋወቀው ሳጥን ነው። ጥያቄው በፊት፣ መልሱ በጀርባ ይጻፋል። ሳጥኑ አምስት ክፍል አለው። የተመለሰው ካርድ ወደ ቀጣዩ ክፍል ያልፍና ዘግየት ብሎ ይጠየቃል። የተሳሳቱት ወደ አንደኛው ይመለሳል።

የካርድ ድክመቱ አንድ ቅጂ ብቻ መሆኑ ነው። እሳት ወይም ጎርፍ ቢመጣ ሌላ የለም። እኔ አዳዲሶቹን በወር አንዴ በስልክ ፎቶ አነሳለሁ። መጻፉና መፈለጉ ግን በእጅ ነው፤ መብራት ሲጠፋም በሻማ ይቀጥላል።

ሳጥኑን የማጸዳው በጳጉሜ ነው። ካርዶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ሦስት ቁልል እሠራለሁ። የሚመለስ፣ ከሌላ ጋር የሚዋሐድ፣ የሚጣል። ዘንድሮ «ወፎች» ውስጥ 41 ካርድ አገኘሁ፤ 9ኙ ስለ አንድ አባ ኮዳ ነበሩ። ወደ ሦስት አወረድኳቸው። የእግሩን ካርድ አልነካሁትም። ከእንስራው አጠገብ እንዳለ ነው።