የማዕበል ፔሬድ ምንድን ነው?

ከባሕር ዳር በእግሩ ገብቶ ሊጠልቅ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማዕበሉ ስንት ሜትር ነው?» ብሎ ነው። «በስንት ሰከንድ?» የሚለውን ግን ብዙው ሰው ይረሳዋል። አንድ የማዕበል ጫፍ ካለፈ በኋላ ቀጣዩ እስኪደርስ ያለው ጊዜ ነው ፔሬድ የሚባለው።

ጣና ላይ ነፋስ ሲነሳ የሚፈጠረው ሞገድ ቶሎ ቶሎ ይመጣል፣ ያንገላታል፣ ነፋሱ ሲቆም ብዙም አይቆይም። የውቅያኖሱ ሌላ ነው። ሰሜን ፓስፊክ ላይ በአውሎ ነፋስ የተነሳ ማዕበል ሺህ ኪሎ ሜትሮችን አቋርጦ ካሊፎርኒያ ሲደርስ፣ እዚያ ቅጠል እንኳ ላይነቃነቅ ይችላል። በ8 ሰከንድ የሚመጣ ማዕበል ጥልቅ ውሃ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ 100 ሜትር ገደማ ነው። በ16 ሰከንድ የሚመጣው ደግሞ 400 ሜትር። ሁለቱም ከሩቅ 1 ሜትር ከፍታ ሊኖራቸው ይችላል፤ ዳር ሲደርሱ ግን ፔሬዱ ረጅም የሆነው በጣም ከፍ ብሎ ነው የሚወድቀው።

እዚያው ካሊፎርኒያ፣ ከካርሜል ከተማ በስተደቡብ ሞናስትሪ ቢች የሚባል ቦታ አለ። ስሙ ከመንገዱ ማዶ ካለው ገዳም የመጣ ነው። ጠላቂዎች ግን «ሞርቹዋሪ ቢች» ይሉታል፤ የሬሳ ቤት ዳርቻ ማለት ነው። ቀልድ ብቻ አይደለም፣ ሰው ሞቶበታል። የባሕር ውስጥ ገደል እስከ ዳር ድረስ ስለሚጠጋ ማዕበሉ ጉልበቱን ሳያባክን ይመጣል። ዳርቻው ቁልቁለት ነው፤ አሸዋው ጠጠር ስለሚመስል እግር ይሰምጥበታል። የሚመለሰው ውሃ ደግሞ ከስር ይጎትታል። 25 ኪሎ የመጥለቂያ ዕቃ ተሸክሞ እዚያ ለመቆም መሞከር ነው ሰውን የሚጥለው። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሲወጡ መነጽራቸውን ሳያወልቁ፣ መተንፈሻውን ከአፋቸው ሳያወጡ፣ በእጅና በጉልበታቸው እየዳሁ ነው። አያምርም፣ ግን ይሠራል።

ዕቃ ከመልበስ በፊት ሰዓት ይዞ መቀመጥ ነው። ማዕበል በቡድን ነው የሚመጣው፤ ለብዙ ደቂቃ ትንንሹ ሲያልፍ ይቆይና አራት አምስት ትልልቅ ይከተላሉ። ሁለት ደቂቃ ብቻ ያየ ሰው ረጋ ያለውን ጊዜ አይቶ «ዛሬ ሰላም ነው» ይላል። እኔ 20 ደቂቃ እቀመጣለሁ፤ የማየውም መግቢያውን ሳይሆን መውጫውን ነው። ስንገባ ጉልበት አለን፤ ስንወጣ ደክሞናል፣ ብርዱም ገብቶናል። ትልልቆቹ ሲመጡ እዚህ መዳህ እችላለሁ? ካልቻልኩ ዕቃው ከመኪናው አይወርድም።