የጨረቃ ጀርባ ጨለማ ነው እንዴ?

ሰሞኑን ይሄ ነገር ደጋግሞ አከራከረን። «ጀርባዋ ጨለማ ከሆነ ሶቪየቶች በምን ብርሃን ፎቶ አነሱት?» ያሳሳተን «የጨረቃ ጨለማው ጎን» የሚለው ስሙ ነው። ጀርባዋ ከእኛ የተሰወረ እንጂ ጨለማ አይደለም።

ረከቦት መሃል አስቀምጡና ፊታችሁን ከሱ ሳታነሱ ዙሩት። ረከቦቱ ጋ የተቀመጠ ሰው ጀርባችሁን አያይም። በመስኮት የሚገባው ፀሐይ ግን ስትዞሩ ጀርባችሁን ያገኘዋል። ጨረቃም እንዲሁ ናት። ጠርዙ ላይ ትንሽ ብቅ ከማለቱ በቀር ጀርባዋ ከምድር አይታይም፤ ይሄ አይለወጥም። የሚለዋወጠው ብርሃኑ ነው፤ ሁለት ሳምንት ገደማ ቀን፣ ሁለት ሳምንት ገደማ ሌሊት።

ሰው አልባዋ የሶቪየት መንኮራኩር ሉና 3 እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 7 ቀን 1959 በዚያ ስታልፍ አብዛኛው ጀርባ ፀሐይ ላይ ነበር። በ40 ደቂቃ 29 ፎቶ አነሳች። ያኔ ዲጂታል የሚባል ነገር የለም፤ ፊልም ነው። ፊልሙ እዚያው መንኮራኩሯ ውስጥ በራሱ ታጠበ፣ ደረቀ። ፎቶ ቤቱን ተሸክማ ሄደች በሉት። ከዚያ ቀጭን የብርሃን ነጥብ ፊልሙን መስመር በመስመር እያነበበ፣ ድምቀቱና ጥቁረቱ በሬዲዮ ምልክት ወደ ምድር ተላከ። ሁሉም አልደረሱም፤ የደረሱትም ብዥ ያሉ ናቸው።