ንፋስ ሲነፍስ እርጥብ ነገር ለምን ቶሎ ይደርቃል?

የታጠበ ልብስ ፀጥ ባለ ቀን ሲሰጣ እርጥበቱ አልለቅ ይላል። ትንሽ ነፈስ ካለ ግን ወዲያው ይደርቃል። ለምን ቢባል አብዛኞቻችን «ንፋሱ ውሃውን ይዞት ስለሚሄድ» እንላለን። ይህ ግማሹ እውነት ነው። ንፋሱ የሚወስደው ውሃውን ሳይሆን፣ ከውሃው ወጥቶ እዚያው ያንዣበበውን እንፋሎት ነው።

ፈሳሽ ውስጥ ያሉ ሞለኪውሎች አርፈው አይቀመጡም፤ ፍጥነታቸውም እኩል አይደለም። ላይኛው ገጽ ላይ ከደረሱት ፈጣኖቹ ከሌሎቹ ስበት አምልጠው ወደ አየር ይወጣሉ። ይሄ ነው ትነት። መፍላት አያስፈልግም። ችግሩ ከወጡት ውስጥ ብዙዎቹ ተመልሰው መግባታቸው ነው። የሚወጡትና የሚገቡት እኩል ሲሆኑ አየሩ ጠግቧል ይባላል፤ ፈሳሹም መቀነሱን ያቆማል። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሜትር ኩብ አየር 17 ግራም ገደማ እንፋሎት ይዞ ይጠግባል። በ30 ዲግሪ ደግሞ 30 ግራም ገደማ ይይዛል።

አሁን ወደ ንፋሱ እንምጣ። የቱንም ያህል ቢነፍስ፣ ገጹን የነካው አየር እዚያው እንደተለጠፈ ይቀራል። ከእሱ ከፍ ሲባል ፍጥነቱ ቀስ በቀስ ይጨምራል። ይህን ስስ የአየር ሽፋን በ1904 በግልጽ ያብራራው ጀርመናዊው ሉድቪግ ፕራንትል ነው። እንፋሎቱ ሽፋኑን የሚያልፈው እየተንቀረፈፈ ነው። ንፋስ ደግሞ ሽፋኑን ያሳሳዋል። ያን ያህል ነው ሥራው፤ ግን ትልቅ ሥራ ነው።

ታዲያ ንፋሱ በእጥፍ ሲጨምር ትነቱም በእጥፍ ይጨምራል? አይጨምርም። አየሩ ሳይናወጥ በዝርግ ገጽ ላይ የሚፈስ ከሆነ፣ ትነቱን እጥፍ ለማድረግ ንፋሱ አራት እጥፍ መሆን አለበት። ሽፋኑ ንፋሱ መጀመሪያ በሚያገኘው ጠርዝ ላይ በጣም ስስ ስለሆነ፣ እርጥብ ገጽ ከዚያ በኩል መድረቅ ይጀምራል።

እንግሊዛዊው ጆን ዳልተን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያስተዋለው ነገርም አለ። ትነትን የሚገፋው በፈሳሹ ገጽ ላይ ባለው የእንፋሎት ግፊትና በአካባቢው አየር ውስጥ ባለው መካከል ያለው ልዩነት ነው። ልዩነቱ ዜሮ ከሆነ ንፋስ ቢነፍስም ባይነፍስም ለውጥ የለውም። ለዚህ ነው በጭጋግ ውስጥ ልብስ የማይደርቀው።

ፈጣኖቹ ሞለኪውሎች ሲያመልጡ የሚቀሩት ዘገምተኞቹ ናቸው፤ ስለዚህ ፈሳሹ ይቀዘቅዛል። በተለመደው የክፍል ሙቀት አንድ ግራም ውሃ ሲተን 2,450 ጁል ገደማ ሙቀት ይወስዳል። ያንኑ ግራም ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ለማሞቅ የሚበቃው 335 ጁል ገደማ ብቻ ነው። ቬንትሌተርም ክፍሉን አያቀዘቅዝም፤ እንዲያውም ሞተሩ ትንሽ ሙቀት ይጨምርበታል። የሚቀዘቅዘው ላብ ያለበት ቆዳችን ነው። አየሩ ከቆዳችን በላይ ሞቆ እርጥበቱም ከበዛ ግን ቬንትሌተሩ ሙቀት እያመጣ ይለጥፍብናል።

አልኮል እጅ ላይ ሲነካ ከውሃ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። የሚገርመው፣ በግራም የሚወስደው ሙቀት ከውሃው ከግማሽ በታች ነው። ብልጫው ፍጥነቱ ላይ ነው፦ በጣም ቶሎ ይተናል። የምግብ ዘይት በበኩሉ የእንፋሎት ግፊቱ ኢምንት ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ቢነፍስበትም ያው ነው።

ወፍራም ነገር ሲደርቅ ጉዳዩ ይለወጣል። መጀመሪያ ላይ ንፋስ በደንብ ይረዳል። ገጹ ከደረቀ በኋላ ግን ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ውጭ እስኪደርስ መጠበቅ ነው፤ ንፋስ ብዙም አያፋጥነውም። ቶሎ ማድረቅ የሚጎዳበት ጊዜም አለ። አዲስ የፈሰሰ ኮንክሪት ንፋስ ከበዛበት ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ይሸበሸባል፣ ሳይጠነክርም ይሰነጠቃል። ስለዚህ ግንበኞች በፕላስቲክ ይሸፍኑታል ወይም ውሃ እየረጩ ያቆዩታል።